ከመጽሐፉ በፊት አንባቢውን፦ ዳርክ ፋንታሲን ለሰው ስለ መጠቆም

መጽሐፍ ማንበብዎ የታወቀ እንደሆነ «እስቲ አንድ ጥሩ ነገር ጠቁመኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። የተጠየቁት ዳርክ ፋንታሲ፣ ሆረር ወይም ሌላ ምናባዊ ልብወለድ ሲሆን ብዙ ጊዜ ራስዎ የወደዱትን፣ አለዚያም ሽልማት ያገኘውን፣ አለዚያም ፊልም የተሠራለትን መጽሐፍ ስም ይጠሩና ነገሩ በዚያ ያልቃል። ሰውየው መጽሐፉን ይጀምራል፣ ሠላሳ አርባ ገጽ ይገፋል፣ ከዚያ ያልጠበቀው ነገር ይገጥመውና ይዘጋዋል። የሚዘጋው ግን ያን መጽሐፍ ብቻ አይደለም። «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ከሜሪ ሼሊ እስከ ኦክታቪያ በትለር ያለውን ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ሥነ ጽሑፍ አብሮ ይዘጋዋል። በዚህ ዘርፍ መጽሐፍ መመረጥ ያለበት በዝናው ሳይሆን በውስጡ ባለው የጨለማ ዓይነት ነው። ያ ጨለማ አንባቢው ሊሸከመው ከሚፈልገው ጋር ይመዘን፤ ምን እንደሚገጥመውም አስቀድሞ በግልጽ ይነገረው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሡ ናቸው። ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስም አይጥሩ፤ ይጠይቁ። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» ማለት ሩቅ አያደርስም፤ ሰው ለዚህ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ማንበብ ነበረብኝ ብሎ የሚያስበውን ነው። ይልቅስ ጀምሮ የተወው መጽሐፍ የቱ እንደሆነና የቱ ጋ እንደተወው ይጠይቁት። ቀጥለው ደግሞ አንብቦትም ይሁን በፊልም አይቶት፣ ካለቀ በኋላ ለቀናት ከሐሳቡ ያልወጣለት ታሪክ የቱ እንደሆነ፣ በተለይም የትኛው ቦታው እንደሆነ ይጠይቁት። ከርዕሱ ይልቅ ቦታው ይበልጥ ይናገራል። ሁለት ሰዎች «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን እኩል ሊወዱ ይችላሉ። አንዱ የሚያነሣው በሠርጉ ግብዣ ላይ የተፈጸመውን እልቂት ከሆነ፣ የማረከው ማንም ከሞት ዋስትና የሌለው ዓለም ነው፤ ሌላው የሚያነሣው ከግንቡ ማዶ በበረዶው ውስጥ የሚመጣውን ከሆነ፣ የማረከው ያልታወቀው ነገር ነው። ለሁለቱም አንድ መጽሐፍ መስጠት ቢያንስ አንዳቸውን ማጣት ነው። ፋንታሲ የሚባል ነገር ገልጦ የማያውቅ ሰውም ቢሆን መነሻ አለው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያስታውስ ከበዛብህና ከሰብለ ፍቅር ይልቅ ጉዱ ካሳ ብቻውን ከሥርዓቱ ጋር የገጠመው ሙግት የሚመጣበት ሰው፣ ማኅበረሰብ በሰው ላይ ስለሚያደርሰው በደል የሚጽፉትን ደራሲዎች ለመቀበል ዝግጁ ነው። የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» (2001 ዓ.ም.) ሳያስቀምጥ የጨረሰ ሰው ደግሞ ስለላ፣ ሳይንስና ጣና በአንድ ታሪክ ሲገናኙ ሳይከብደው ተቀብሏል፤ ስሙን ሳይጠራው ወደ ምናባዊ ልብወለድ ገብቷል።

መልሱን ከሰሙ በኋላ ጨለማውን ይለዩ። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚለጠፈው የዘርፍ ስም ጨለማ መኖሩን እንጂ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ኡርሱላ ለግዊን በ1968 ያሳተመችው «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» እና ማርሎን ጄምስ በ2019 ያወጣው «ብላክ ሌፐርድ፣ ሬድ ዉልፍ» ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚያነበው፣ ደም እምብዛም የማይፈስበት ታሪክ ነው። ሁለተኛው በጭካኔ፣ በወሲባዊ ጥቃትና በሕፃናት ላይ በሚደርስ ግፍ የተሞላ ነው፤ የተራኪው ቃልም አያስተማምንም፤ የበሰለ አንባቢን እንኳ ይፈትናል። ሁለቱም ትልልቅ ሥራዎች ናቸው። አንዱን ፈልጎ ሌላውን የተቀበለ ሰው ግን ተበድሏል፤ የበደለውም የጠቆመው ሰው እንጂ ደራሲው አይደለም።

የለግዊን ጨለማ ከሰው ውስጥ የሚወጣ ነው። ጌድ የሚባለው የፍየል እረኛ ልጅ ከፍ ያለ ተሰጥኦ አለው። በአስማት ትምህርት ቤት ሳለ ከአንድ ተማሪ ጋር እልህ ተጋብቶ፣ ችሎታውን ለማሳየት ብቻ ብሎ የሞተ ሰው መንፈስ ሲጠራ አንድ ጥላ አብሮ ይለቀቃል። የቀረው መጽሐፍ መጀመሪያ ጥላው ልጁን ሲያሳድድ፣ በኋላ ልጁ ዞሮ ጥላውን ሲያሳድድ ነው። ድል የሚነሣ ንጉሥ ወይም የሚሰለፍ ጦር የለም፤ ያለው በራስ ኩራት የተፈጠረን ነገር ፊት ለፊት የማየት ግዴታ ነው። ለመታየት ብሎ ያደረገው ነገር ዛሬም የሚከነክነው ሰው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ራሱን ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» (1818) ከዚሁ ወገን ነው። ሰው ከድሮ ፊልሞች የሚያውቀው፣ አንገቱ ላይ ብሎን ያለበት አፍ የማይፈታ ግዙፍ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። በመጽሐፉ ያለው ፍጡር ተደብቆ ቋንቋ የተማረ፣ መጽሐፍ ያነበበ፣ ለምን ፈጥረህ ተውኸኝ ብሎ ፈጣሪውን የሚሞግት ነው። ስለዚህ «አስፈሪ ነው» ብለው አይስጡት፤ ፍርሃት ፈልጎ የሚከፍተው ሰው ይሰለቸዋል። ወደ ዓለም ያመጡትን ስለ መተው የሚጠይቅ መጽሐፍ ነው ብለው ይስጡት።

በዚህ ወገን ረዘም ብሎ መቆየት የሚገባው ግን የፍራንዝ ካፍካ «ዘ ሜታሞርፎሲስ» (1915) ጋ ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ ከሚጠቆሙት ሁሉ ለመግባት የሚቀለው ምናልባት ይህ አጭር ሥራ ነው። ግሬጎር ሳምሳ አንድ ጠዋት ሲነቃ ግዙፍ ተባይ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። ካፍካ ለምን እንዲህ እንደሆነ አንድም ቦታ አያብራራም። ግሬጎር በጀርባው ተንጋሎ፣ ቀጫጭን እግሮቹ ያለ ፈቃዱ እየተርመሰመሱ፣ የሚጨነቀው ስለሚያመልጠው ባቡርና አለቃው ስለሚለው ነገር ነው። ከከተማ ከተማ እየዞረ ጨርቅ የሚሸጥ ሠራተኛ ነው፤ የወላጆቹን ዕዳ የሚከፍለው፣ የቤቱን ወጪ የሚሸፍነው፣ ቫዮሊን የምትጫወት እህቱን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለማስገባት የሚያስበው እሱ ነው። ደመወዙ ሲቆም ቤተሰቡ በመጀመሪያ ያዝንለታል፤ ውሎ ሲያድር ይሰለቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አንባቢው ራሱ ይድረስበት። ከቤይሩት ወይም ከሪያድ በየወሩ እየላከች ቤት የምታስተዳድር እህት፣ ወይም አሜሪካ ሁለት ሥራ ይዞ ለአገር ቤት የሚልክ ወንድም፣ ይህን ታሪክ ለመረዳት ስለ ካፍካ ከተማ ስለ ፕራግ ምንም ማወቅ አያሻቸውም። «ታምሜ መላክ ባቆም ለእነሱ ምናቸው ነኝ?» የሚለው ጥያቄ አብሯቸው የሚኖር ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያን ሸክም አሁን ለተሸከመ ሰው መጽሐፉ የሚረዳው ሰው የማግኘት ያህል ሊሆን ይችላል፤ ቁስል መነካካትም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሚሆን አስቀድመው አያውቁም፤ ስለዚህ የቤተሰቡን ነገር ሸፍነው «ተባይ ስለሆነ ሰው የሚገርም ታሪክ» ብለው አይስጡት።

ሌላው ወገን ጨለማው በሥርዓቱ ውስጥ የተሠራበት ነው። እዚህ ከረዥም ልብወለድ በፊት የለግዊንን አጭር ልብወለድ «ዘ ዋንስ ሁ ዎክ አዌይ ፍሮም ኦሜላስ» (1973) ያስቀድሙ። ጥቂት ገጽ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። በበጋ በዓል ላይ ያለች ደስተኛ ከተማ አለች፤ ደስታዋ ሁሉ የቆመው በምድር ቤት ተዘግቶ በቆሻሻና በረኃብ በሚማቅቅ አንድ ልጅ ላይ ነው። የከተማው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። አብዛኛው እያወቀ ይኖራል፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ ከተማዋን ለቆ ይሄዳል። አንባቢዎ ተቆጥቶ «ለምን ልጁን አያወጡትም?» ብሎ ቢመለስ ቀጣዩን መጽሐፍ ራሱ መረጠልዎ ማለት ነው፤ ኤን ኬ ጀሚሲን ለዚያው ታሪክ «ዘ ዋንስ ሁ ስቴይ ኤንድ ፋይት» በሚል መልስ ጽፋለታለች፤ በ2018 በታተመው የአጫጭር ልብወለዶቿ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ከእሱ ወደ ጀሚሲን «ዘ ፊፍዝ ሲዝን» (2015) መሻገር ይቻላል፤ ይህ መጽሐፍና ሁለቱ ተከታዮቹ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 በተከታታይ የሁጎ ሽልማትን አግኝተዋል፤ ከዚያ በፊት በረዥም ልብወለድ ሦስት ዓመት አከታትሎ ያሸነፈ ደራሲ አልነበረም። አንባቢዎ ተቆጥቶ ሳይሆን አዝኖና ዝም ብሎ ቢመለስ ግን ወደ ማርጋሬት አትዉድ «ዘ ሃንድሜይድስ ቴል» (1985) ይምሩት። አትዉድ ያን መጽሐፍ ስትጽፍ ሰዎች በአንድ ዘመን በአንድ ቦታ በእርግጥ ያላደረጉትን ግፍ ላለማስገባት ለራሷ ደንብ አውጥታ ነበር። ይህን ለአንባቢው መንገር ጥሩ ነው፤ ታሪኩን የሚያነብበት ዓይን ይለወጣል።

እጁ ንጹህ የሆነ ሰው የማይገኝበት ወገንም አለ። ግሌን ኩክ በ«ዘ ብላክ ካምፓኒ» (1984) ጦርነቱን የነገረን በቅጥረኛ ወታደሮች አፍ ነው፤ ያውም ለምትፈራው ገዥ ተቀጥረው በሚዋጉት። ጆርጅ አር አር ማርቲን በ1996 በ«ኤ ጌም ኦፍ ትሮንስ» ይህንኑ መንገድ አሰፋው። የፖላንዱ አንድርዜይ ሳፕኮቭስኪ ጭራቅ አዳኝ ጌራልት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጭራቁ ይልቅ የቀጠሩት ሰዎች የከፉ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ወደ እሱ ለመግባት በ1993 የወጣው የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ «ዘ ላስት ዊሽ» ይበቃል። ስለዚህ ወገን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ተከታታይ ፊልሞቹና ጌሞቹ መንገዱን ጠርገውታል። ማርቲንን ሲጠቁሙ ግን አምስተኛው መጽሐፍ በ2011 ከወጣ በኋላ ታሪኩ ሳይቋጭ ለዓመታት መቆየቱን አይደብቁ። ያላለቀ ታሪክ የማይወድ ሰው በጣም ብዙ ገጽ ካነበበ በኋላ ይህን ማወቅ የለበትም።

ጨለማው ሰውን ከቁብ የማይቆጥር ዓለም ራሱ የሆነበት ወገን ደግሞ ስሙ ከአሜሪካዊው ላቭክራፍት ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱን መጠቆም ኃላፊነት አለበት። ላቭክራፍት ዘረኛ ነበር፤ ዘረኝነቱም በደብዳቤዎቹ ብቻ ሳይሆን በታሪኮቹም ውስጥ አለ። «ዘ ሆረር አት ሬድ ሁክ» ላይ አስፈሪ ሆነው የቀረቡት የኒው ዮርክ ድሆች ስደተኞች ናቸው። የወርልድ ፋንታሲ ሽልማት ለረዥም ጊዜ የላቭክራፍትን ፊት የያዘ ሐውልት ይሰጥ ነበር። ንኔዲ ኦኮራፎር በ2011 «ሁ ፊርስ ዴዝ» በተባለው መጽሐፏ ከተሸለመች በኋላ የዚያን ሰው ፊት መሸለም ለጥቁር ደራሲ ምን ማለት እንደሆነ በይፋ ጻፈች፤ ክርክሩ ቀጥሎ ከ2015 በኋላ ሐውልቱ ተለወጠ። በ2016 ደግሞ ጥቁሩ አሜሪካዊ ቪክተር ላቫል ያንኑ የሬድ ሁክ ታሪክ ወስዶ የሃርለም ጥቁር ወጣትን ማዕከል ያደረገውን «ዘ ባላድ ኦፍ ብላክ ቶም» ጻፈ። ላቭክራፍትን ብቻውን አይስጡ፤ ከላቫል ጋር ይስጡት፤ አንዱን ብቻ መስጠት ካለብዎት ላቫልን ይስጡ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ጉዳይ ከብዙዎች በተሻለ የሚረዳበት ምክንያት አለው። በአገራችን አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤሉ «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ሲባል ኖሯል። ምናብ ጎረቤትን ጭራቅ ሲያደርግ በጋብቻ የተገለለው፣ በገበያ የተሸሸው እውነተኛ ሰው ነበር። ስለዚህ የጭራቅ ታሪክ ከመጠቆምዎ በፊት በታሪኩ ውስጥ ጭራቅ የተደረገው ማን እንደሆነ ይመልከቱ።

ዓይነቱን ከለዩ ቀጥሎ የሚመጣው በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ከባድ ነገር መናገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሟገተውም እዚህ ላይ ነው። አስቀድሞ የተነገረ ነገር አያስደነግጥም፤ የማያስደነግጥ ዳርክ ፋንታሲ ደግሞ ምን ይረባል ይላሉ። የትልልቆቹ ደራሲዎች ሥራ ግን ሌላ ይመሰክራል። በትለር «ኪንድረድ»ን (1979) ስትጀምር ጀግናዋ ዳና ክንዷን ማጣቷን የምትነግረን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። ከ1976 ካሊፎርኒያ ተነጥቃ ወደ ባርነት ዘመን ሜሪላንድ የምትወሰደውን ይህችን ጥቁር ሴት የምንከተለው ምን እንደሚደርስባት ለማወቅ ሳይሆን እንዴትና ለምን እንደደረሰባት ለማወቅ ነው፤ ጭንቀቱ ቀንሶ ሳይሆን ጨምሮ እናነበዋለን። ለግዊንም ጌድ ወደፊት ዝናው የሚወጣ ታላቅ ጠቢብ እንደሚሆን ገና በመግቢያው ትነግረናለች፤ ያም ሆኖ ጥላው ሲቀርበው ልብ ይሰቀላል። ጀሚሲን በበኩሏ በ«ዘ ፊፍዝ ሲዝን» የእናቲቱን ትልቁን ሐዘን በታሪኩ እጥፋት ውስጥ አልደበቀችውም፤ መጽሐፉ የሚከፈተው በእሱ ነው። እንግዲህ ደራሲዎቹ ራሳቸው ቁስሉን በር ላይ ካሳዩን፣ የጠቆመው ሰው ከእነሱ በላይ ምስጢር ጠባቂ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ምን እንደሚሆን ይናገሩ፤ እንዴትና ለምን እንደሚሆን ለመጽሐፉ ይተዉ።

አነጋገሩ አጭርና ጠፍጣፋ ይሁን። ለ«ዘ ፊፍዝ ሲዝን»፦ «ሲጀምር አንዲት እናት ትንሽ ልጇን የገዛ ባሏ ገድሎት ታገኘዋለች» ማለት ይበቃል። ልጅ የቀበረ ሰው ይህን ሰምቶ ራሱ ይወስናል። ለ«ሁ ፊርስ ዴዝ»፦ «በሩቅ ዘመን ሱዳን የሚካሄድ ነው፤ ጀግናዋ እናቷ በጦርነት ተደፍራ የወለደቻት ናት፤ የሴት ልጅ ግርዛትም አለበት»። ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማስፈራራት፣ ወይም «አንተ ትችለዋለህ?» እያሉ ማፎካከር አይገባም፤ በፉክክር የተጀመረ መጽሐፍ በእልህ ይጨረሳል እንጂ በደንብ አይነበብም። በሌላ በኩል ደግሞ እያንዳንዱን ሞትና እያንዳንዱን ክፉ ቃል መዘርዘር መጽሐፉን የሕክምና ማስጠንቀቂያ ወረቀት ያስመስለዋል። ሰውየውን በሕይወቱ የነካው ነገር ካለና እርስዎ የሚያውቁት ከሆነ እሱን፣ ካላወቁም በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የከበዱትን አንድ ሁለት ነገሮች ብቻ ይንገሩ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠጥራል። ጦርነት፣ መፈናቀልና ረኃብ በአጠገባችን እያለ ሌላ ጨለማ በመጽሐፍ ተሸክሞ ለሰው ማድረስ ምን ይሉታል? ይህ ተቃውሞ በከፊል እውነት ስለሆነ በችኮላ መልስ መስጠት አይገባም። ጨለማ ማንበብ ሁሉንም ያጽናናል የሚል ሰው ይሳሳታል። ከቤቱ ተፈናቅሎ ገና ያልተመለሰ ሰው «ኤ ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን አልፈልግም ቢል ትክክል ነው፤ ሊያሳምኑትም አይገባም። ነገር ግን ተቃውሞው ይህ ሥነ ጽሑፍ ጨለማን ከሜዳ ፈጥሮ የሚጨምር አድርጎ ካየው ስቷል። የአትዉድ ደንብ ተቃራኒውን ያሳያል። የበትለር «ፓራብል ኦፍ ዘ ሶወር»ም (1993) እንዲሁ ነው፤ በሐምሌ 2024 በሚጀምር ማስታወሻ መልክ፣ በግንብ የታጠረ የሎስ አንጀለስ አካባቢ ሰፈር ፈርሶ የተረፉት በእግራቸው ወደ ሰሜን ሲሰደዱ የሚተርክ ነው። በትለር መነሻ ያደረገችው በዘመኗ በአገሯ ያየችውን ድህነት፣ ዕፅና የአየር ንብረት ለውጥ ነው፤ ያደረገችው ነገር እያንዳንዱን ጥቂት ወደፊት መግፋት ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንባቢው የሚያውቀውን መከራ መጀመሪያና መጨረሻ ባለው ቅርጽ ያቀርብለታል፤ ባሻው ጊዜ ሊዘጋው ይችላል፤ እውነተኛው መከራ ይህን ምርጫ አይሰጥም። በሱዳንና በሊቢያ በረሃ አቋርጦ ለተሰደደ ሰው ይህን መጽሐፍ ሲጠቁሙ «መንገድ ላይ ዘረፋና ግድያ አለበት» ይበሉ፤ ጊዜውን እሱ ይመርጣል። አሁን አልችልም ያለ ሰው ለምናባዊ ልብወለድ ሁሉ አልችልም ማለቱ ስላልሆነ የሱዛና ክላርክን «ፒራኔዚ» (2020) ያቅርቡለት፤ ምስጢሩ ጥልቅ ነው፣ ክፋትም አለበት፣ እንደ ተራኪው የዋህና አመስጋኝ የሆነ ሰው ግን በዚህ ዘርፍ እምብዛም አይገኝም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የእምነት ነው። አስማት፣ መናፍስትና አጋንንት ያሉበትን ነገር ማንበብ ኃጢአት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ከዚህ ሰው ጋር አይከራከሩ፤ ሕሊናውን አክብረው አስማት የሌለበትን ይጠቁሙት። ካፍካ አለ፤ የካዙኦ ኢሺጉሮ «ኔቨር ሌት ሚ ጎ» (2005) አለ፤ ቴድ ቺያንግ በ1998 ያሳተመው፣ በኋላ «አራይቫል» ለተባለው ፊልም መነሻ የሆነው «ስቶሪ ኦፍ ዩር ላይፍ» አለ። «ፓራብል ኦፍ ዘ ሶወር»ን ለእሱ ሲያስቡ ግን የሰባኪ ልጅ የሆነችው ጀግና ከአባቷ እምነት ወጥታ የራሷን እንደምትመሠርት አስቀድመው ይንገሩት። ክርክሩ በሃይማኖት ሳይሆን «ይህ ነገር የእኛ አይደለም» በሚል ከመጣ ግን መልስ አለው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ለዓለም የቆየው በግእዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ የወሰደው በ1773 ነበር። ለምእመኑ ቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ ልብወለድ ነው የሚል የለም። ነገር ግን ከሰማይ የወረዱ መላእክትን፣ ከእነሱ የተወለዱ ግዙፋንን፣ የብርሃንና የእሳት አዳራሾችን ሲሰማ ያደገ ጆሮ ከሚታየው ዓለም ውጭ ስላለ ነገር ሲነገረው ባዕድ አይሆንበትም። ሕዝብን ግብር ያስገብር የነበረው የአርዌ ዘንዶ አፈ ታሪክ አለን፤ «ስምንተኛው ሺህ» እያልን የዓለምን መጨረሻ ምልክት የምንቆጥርበት ልማድ አለን። ቅርጹ ከውጭ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ፍርሃቱና ጥያቄው ግን ቤት ያደገ ነው።

አሁን ስም ይጥሩ፤ አንድ ብቻ። አሥር መጽሐፍ የተጠቆመለት ሰው አንዱንም አይጀምርም። የመጀመሪያው ሙከራ አጭር ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው ሁለት ሰዓት ሰጥቶ ቢከፋው ሌላ ለመሞከር አይፈራም፤ ሁለት ሳምንት ሰጥቶ ቢከፋው ግን ይፈራል። የቋንቋውንም ክብደት ይመዝኑ፤ እነዚህ መጻሕፍት በአብዛኛው በአንባቢው እጅ የሚገቡት በእንግሊዝኛ ነው። የበትለር እንግሊዝኛ ቀጥተኛና ዓረፍተ ነገሩ አጭር ስለሆነ ቋንቋው ለሚከብደው ሰው ከሁሉ ይቀላል። የለግዊን ትንሽ ይረቃል። «ፍራንከንስታይን»ና «ድራኩላ» (1897) በድሮ አጻጻፍ የረዘሙ ናቸው፤ ነገር ግን የቅጂ መብታቸው ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ ያለ ክፍያ በሕጋዊ መንገድ ይገኛሉ። «ዘ ፊፍዝ ሲዝን» አዳዲስ የፈጠራ ቃላት የበዙበት ሲሆን በመጨረሻዎቹ ገጾች መፍቻ አለው፤ ይህን ያልተነገረው ሰው መሐል ላይ ይጠፋል። እንግሊዝኛ ጨርሶ ለማያነብ ሰው ደግሞ ኦሜላስን ራስዎ በአማርኛ ይተርኩለት። ተረት በአፍ መቀበል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ታሪኩም አጭር ስለሆነ በቃል ሲነገር ብዙ አይጎድልበትም።

ጠያቂው ወጣት ከሆነ፣ በተለይ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ተወልዶ ያደገ የዘመድ ልጅ ከሆነ፣ ቋንቋው አያስቸግረውም፤ የሚቸግረው ዕድሜው ነው። ወላጅ ሽፋኑን አይቶ ዘንዶ ካለበት ለልጅ ነው ብሎ የሚወስነው ውሳኔ አደገኛ ነው፤ የማርሎን ጄምስም ሽፋን ያማረ ነው። ለአሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» ይሁን። ጌድ ቆዳው ጠይም ነው፤ በ2004 ለቴሌቪዥን ሲሠራ ነጭ ተዋናይ ሲሰጠው ለግዊን ራሷ በጽሑፍ ተቃውማለች፤ ባዕድ አገር ለሚያድግ ጠይም ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለአሥራ አምስት ከፍ ላለው የኦኮራፎር «ቢንቲ» (2015) ይሁን፤ የናሚቢያ ሂምባ ሕዝብ ልጅ ቤተሰቧን ሳታስፈቅድ በሌላ ዓለም ወዳለ ዩኒቨርሲቲ የምትሄድበት አጭር ሥራ ነው። ገና ከመጀመሪያው ብዙ ሰው የሚያልቅበት ጭፍጨፋ እንዳለ ለልጁም ለወላጁም ይንገሩ።

ከሰጡ በኋላ «ጨረስክ?» እያሉ አያስጨንቁት። ትቶት ከመጣ የት ጋ እንደተወው ይጠይቁ፤ የሚቀጥለው መጽሐፍ የሚገኘው እዚያ ነው። ጌድን «ይንቀራፈፋል» ብሎ የተወ ሰው ጥላው ሳይሆን ፍጥነቱ ነው ያጣላው፤ «ዘ ላስት ዊሽ»ን ይሞክር። ጀሚሲንን በልጁ ሞት ምክንያት የተወ ሰው ስለ ሥርዓት ግፍ ማንበብ አልጠላም፤ አትዉድን ይስጡት፤ እዚያም ልጇን የተነጠቀች እናት እንዳለች ግን አስቀድመው ይንገሩት። ካፍካን አንብቦ «ምንም አልገባኝም» ያለውን ሰው ምን እንደተሰማው ይጠይቁት። «ለእህቱ አዘንኩ» ካለ አንብቦታል። ግሬጎርን ለምን ተባይ እንዳደረገው ካልተነገረኝ ብሎ ከተበሳጨ ግን ምክንያቱ የሚብራራበት ሳይንሳዊ ልብወለድ ይሻለዋል፤ ቴድ ቺያንግን ያንብብ።